የመንታዎቹ ተከታይ

ኖርቴ ሊንድሆልት «እህቴ» ብሎ ሊጠራኝ ከጀመረ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔም «ወንድሜ» እያልኩ እመልስለታለሁ። ሰው ፊትም ሆነ ለብቻችን ከዚህ ሌላ ተጠራርተን አናውቅም። ከዚያ በፊት ግን፣ ኦሱ በሚባለው የአክራ ሰፈራችን ባሕር ዳር ከተገለበጡት የዓሣ ጀልባዎች ጀርባ ቁጭ ብለን፣ ሌላ ስም አውጥቶልኝ ነበር። ያንን ስም እዚህ አላነሳውም፤ ከቀሩኝ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

የተዋወቅነው በስልክ ነው። እኔ አክራ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ፤ እሱ ቴማ ወደብ ሥራ ይዞ ታኮራዲ ያሉትን እናቱን ለማነጋገር መስመር ይጠይቀኛል። «እመቤቴ፣ ዛሬም መስመሩ ተይዟል ልትዪኝ ነው?» ይላል በዚያ በወፍራም ድምፁ። መስመሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ተይዟል ያልኩበት ቀን አለ፣ አልዋሽም፤ ትንሽ እንዲቆይልኝ ነው። አንድ ቀን ስሙን ብጠይቀው «ኖርቴ ሊንድሆልት» አለኝ። «እኔም እኮ ሊንድሆልት ነኝ! ካይ ሊንድሆልት» አልኩትና ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ኦሱ ውስጥ የዴንማርክ ስም ያለው ሰው ሞልቷል፤ በዚህ ስም የሚጠራው ቤተሰብ ከአንድ በላይ መስሎን ነበር። ሞኞች!

ኖርቴ ሊያገባኝ ሽማግሌ በላከ ጊዜ ቤቱ በሙሉ ተነሣብን። የሊንድሆልት ቤት ማለት ከባሕሩ ምሽግ ትይዩ ያለው፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ሁልጊዜ የሚያፈሰው የድንጋይ ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ትውልዱን አንድ በአንድ ቆጠሩልን። ፒተር ሊንድሆልት የሚባል የዴንማርክ ነጋዴ የኛዋን ላሚኦኮርን አግብቶ ሁለት ወንዶች ወለደ። ታላቁ ፍሬድሪክ፣ ታናሹ ክርስቲያን። ክርስቲያንን ቤቱ የሚጠራው ታዊያ እያለ ነው። ኖርቴ የፍሬድሪክ የልጅ ልጅ ልጅ ነው፤ እኔ የታዊያ። «ደማችሁ አንድ ነው» አሉን። «የሊንድሆልት ሰው የሊንድሆልትን ሰው አያገባም።»

አባቴ በዚያ ስብሰባ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ሲያይ ዋለ። ከኔ ብሶ አዘነ ብዬ ለሱ አዘንኩለት። ናአ አዶሌ ደግሞ፣ የፍሬድሪክ ወገን ትልቅ ሴት፣ ራሴን ደረታቸው ላይ አስጠግተው «ልጄ፣ እግዜር አተረፈሽ በዪ፤ ከወንድምሽ ልትወልጂ ነበር እኮ» እያሉ አብረውኝ አለቀሱ። ለዚያ እንባቸው ስል ስወዳቸው ኖርኩ።

ኖርቴ ግሬስ የምትባል የላባዲ ልጅ አገባ። በሠርጉ እንደ እህት ጨፈርኩ፣ እንደ እህት አጨበጨብኩ። እኔም ኬታ ሄጄ አንድ ደግ ሰው አገባሁ። ሰውዬው ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ ኖርቴ አለመሆኑ ብቻ ነው። ልጅም አልሆነልንም፣ ትዳሩም አልሆነልንም፤ ተመልሼ አባቴ ቤት አንድ ክፍል ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ግቢውን እጠርጋለሁ፣ ከጣሪያ ሠራተኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ የሥጋ ወንድሜን ልጆች አሳድጋለሁ። ዓመታት አልፈው ኖርቴ የቤቱ አለቃ ሆኖ ተሾመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግሬስ ሞተች። ሬሳዋን ካጠቡት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ፤ የባሏ እህት አይደለሁ?

ባለፈው ነሐሴ፣ ለሆሞዎ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቢርጊተ የምትባል የዴንማርክ ሴት መጣች። ሆሞዎ በረሃብ የምንሳለቅበት በዓላችን ነው፤ በዚያ ቀን ማንም ሰው የትም ይኑር የት፣ የአባቶቹ ቤት ሄዶ ካንድ ገበታ ይበላል። ቢርጊተ ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ናት። የፒተር ሊንድሆልት ወንድም ዘር ነኝ፣ እዚህ የቀሩትን ዘመዶቼን ፈልጌ የትውልድ ሐረጋችንን ልሞላ ነው የመጣሁት አለች። ብብቷ ሥር እንደ ሰሌን የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ዘመድ ፍለጋ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁባት። ኖርቴ ግን ደስ አለው። «እህቴ፣ እንግሊዝኛሽ ከሁላችን ይሻላል፤ አንቺ አነጋግሪያት» አለኝ። ኖርቴ ያለኝን መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ።

ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ጠረጴዛ አውጥተን ወረቀቱን ዘረጋችው፤ በአራት ድንጋይ ጠርዙን ያዝነው። ኬንኬ የምንለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅልና የተጠበሰ ዓሣ አቀረብኩላት። በርበሬው አፍንጫዋን አቅልቶት እንባዋ እየወረደ «በጣም ጥሩ ነው» ትላለች፣ ምስኪን። እኔ ስም እነግራታለሁ፣ እሷ በእርሳስ ትጽፋለች። የሞቱት አክስቶቼ፣ አጎቶቼ፣ የወንድሜ ልጆች፣ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን እየያዙ ሲሄዱ፣ እውነት ለመናገር፣ ሥራው እኔንም ጣመኝ።

«ታዊያ ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «ከሁሉም ስም እሱን ወደድኩት።»

«ከመንታ ቀጥሎ የሚወለድ ልጅ ነው። ወንድ ይሁን ሴት ታዊያ ይባላል። መንታ ወንዶች ከሆኑ ደግሞ ኦኮና አክዌቴ ናቸው፤ ሌላ ስም ብታወጪ እንኳ ሰው የሚጠራቸው በዚያው ነው። የኛ አገር ስም ሲሰሙት ስንተኛ እንደተወለድሽ ይናገራል። እኔ ካይ ነኝ፤ ሦስተኛ ሴት ልጅ ነኝ ማለት ነው።»

«እንዴት ደስ ይላል!» አለችና እርሳሷን ወረቀቱ ላይ ወደ ላይኞቹ ስሞች ጎተተች። «ታዲያ መንታዎቹ የት አሉ?»

«የትኞቹ መንታዎች?»

«ከታዊያ በፊት የተወለዱት ነዋ። እኔ ጋ ያለው መጀመሪያ ፍሬድሪክ፣ ቀጥሎ ክርስቲያን ታዊያ ነው። በመሀላቸው ማንም የለም።»

ይህን ስም ከተወለድኩ ጀምሮ ስጠራው ኖሬያለሁ። ትርጉሙን ለስንቱ እንግዳ አስረድቻለሁ። አንድም ቀን ግን መንታዎቹ የት ሄዱ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እኛ ዘንድ የአያት ስም ይጠራል እንጂ አይመረመርም፤ የአያቱን መነሻ የሚመረምር ሰው ነገር ፈላጊ ነው።

«በሕፃንነታቸው ሞተው ይሆናላ» አለች ቢርጊተ።

ይሆናል። ሞተው ቢሆን ግን እኛ ቤት ቀንዳቸው ይኖር ነበር። መንታ ቢሞትም አይረሳም፤ የጎሽ ቀንድ ይቀመጥለታል፣ በየዓመቱ በመንታዎች ቀን ያም የሚባለው ሥር ተቀቅሎና ተደቁሶ ከእንቁላል ጋር ይቀርብለታል። ይህ ካልተደረገ የመንታ ቁጣ ቤት ያፈርሳል። በሊንድሆልት ቤት ደግሞ ቀንድ የለም። ጓዳውንም ምድር ቤቱንም የምጠርገው እኔ ነኝ፣ የለም።

ቀንድ ያየሁት ሌላ ቦታ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ በመንታዎች ቀን ያምና እንቁላል በመሐረብ ቋጥሮ፣ እኔን አስከትሎ፣ ተራራው ሥር ወዳለው የሊንድሆልቶች የድሮ እርሻ ይሄድ ነበር። እዚያ ከፈራረሱት የጭቃ ክፍሎች አንዱ ውስጥ ሁለት ጥንድ ቀንድ ነበር። አባቴ ተንበርክኮ ያሙን ይቀባቸዋል። «የማን ናቸው?» ስለው «የወዳጄ» ይለኛል። በዚያ እርሻ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች የተገዙ ባሪያዎች ነበሩ። ይህን ኦሱ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የሚናገረውም የለም።

ለቢርጊተ «ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኳትና ተነሣሁ። ደረጃውን ወጣሁ።

ናአ አዶሌ እዚያው ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ አፋቸው ግን ያልደከመ፣ መፋቂያቸውን እያላመጡ ተቀምጠዋል።

«ናአ፣ የታዊያ መንታዎች የት ናቸው?» አልኳቸው፣ ሳልቀመጥ።

መፋቂያው ቆመ። «የማን መንታዎች?»

«ሰምተውኛል እኮ።»

«ፈረንጇ ናት ይህን የሞላችሽ! እኔ ብያለሁ፣ በርበሬ ጨምሩባትና በጊዜ ትሂድ ብያለሁ። ማን ይሰማኛል!»

«ፈረንጇ የጠየቀችው እኔ ድሮ ልጠይቀው የሚገባኝን ነው።»

«የሰው መነሻ አይጠቆምም። አባትሽ ይህን አላስተማረሽም?»

«አባቴ ዝም ማለት ነው ያስተማረኝ።»

«ደግ አደረገ። ዝም አይነቅዝም።»

ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። «ናአ፣ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ከእንግዲህ ምን አደርጋለሁ ብለው ነው የሚፈሩት?»

መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። ከዚያ፣ ግቢው ውስጥ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነገሩኝ። የላሚኦኮር ታናሹ ልጅ ክርስቲያን ገና በዳዴ ሳለ ወባ ገደለው። በዚያው ክረምት እርሻው ላይ አንዲት የተገዛች ሴት፣ ቀደም ሲል መንታ ወልዳ የቀበረች፣ ሌላ ወንድ ልጅ ወልዳ በወሊድ ሞተች። የልጁ አባትም ከሰሜን የመጣ የተገዛ ሰው ነው፤ ድንጋይ ተሸካሚ። ላሚኦኮር ጡቷ ገና ወተት አለው፤ ልጁን አስመጥታ አጠባችው። ወደደችው። የሞተውን ልጇን ስም ሰጠችው፣ የሞተውን ልጇን ቦታ ሰጠችው፣ ክርስቲያን ሊንድሆልት ሆነ። ታዊያ የሚለውን ስም ግን ልትነጥቀው አልደፈረችም። የመንታ ተከታይ በስሙ ካልተጠራ መንታዎቹ መጥተው ይወስዱታል። ሁለተኛ ልጅ መቅበር አልቻለችም።

«ስለዚህ እኔና ኖርቴ...» አልኩ።

«ምንም አይደላችሁም» አሉኝ ናአ አዶሌ። «የመንገድ ሰውና የመንገድ ሰው ናችሁ።»

ይህን ቃል ለመስማት በሃያ ሰባት ዓመቴ ነፍሴን እሰጥ ነበር። አሁን ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

«ያን ቀን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከወንድምሽ ልትወልጂ ነበር አሉኝ! ደረትዎ ላይ አስጠግተው!»

«ያለቀስኩት የእውነቴን ነው።»

«እንባዎ ምን ያደርግልኛል? አንድ ቃል እኮ ነበር የፈለግሁት!»

«አንድ ቃል!» አሉ፣ በደከመ ዓይናቸው ፊቴን እየፈለጉ። «አንቺ ባል ታገኚያለሽ፤ አባትሽስ? ወንድምሽስ? የሞቱትስ? በማግስቱ የባሪያ ልጆች ተብለው ከነሬሳቸው ነው ከዚህ ቤት የሚወጡት። አባትሽ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ከኔ እኩል ያውቅ ነበር። ለገዛ ልጁ እሱ ካልተናገረ፣ እኔ ማን ነኝ?»

ጫማውን ሲያይ የዋለው አባቴ ትዝ አለኝ። አላዘነልኝም ማለት አልችልም፤ አዝኗል። አዝኖ ሸጠኝ።

ልነሣ ስል ናአ አዶሌ እጄን ያዙ። እኚህ ሴትዮ አንድን ነገር ግማሹን ተናግረው መተው አይሆንላቸውም። «ደግሞ እኔን ብቻ አትውቀሺኝ» አሉ። «የቤቱ አለቃ ሲሾም የእያንዳንዱ ሰው መነሻ ይነገረዋል። ማን የማን እንደሆነ ሳያውቅ ቤት አይመራም። እኔው ራሴ ነኝ የነገርኩት።»

የቤቱ አለቃ ኖርቴ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ትሮትሮ በምንለው ሚኒባስ ተሳፍሬ ላባዲ ወረድኩ። ኖርቴ ሳሎኑ ውስጥ የነገውን የበዓል ኩታውን ይተኩሳል። ግሬስ ከሞተች ወዲህ ልብሱን ለማንም አያስነካም፤ ልጆቹ ይስቁበታል።

«እህቴ! ምነው በጠዋቱ? ቢርጊተን አመማት እንዴ?»

«ኖርቴ፣ ታዊያ የማን ልጅ ነው?»

ምን ማለትሽ ነው አላለኝም። የቱ ታዊያ አላለኝም። ካውያው ቆመ፣ እሱም ቆመ፤ በዚያ አወቅሁ።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«ጨርቁ እየተቃጠለ ነው።»

ካውያውን አነሣው። ኩታው ትከሻ ላይ በሚያርፍበት በኩል ቡናማ ምልክት ቀርቷል። ምልክቱን በአውራ ጣቱ ሲያሸው ቆየ፣ የሚለቅ ይመስል።

«የነገሩኝ ሲሾሙኝ ነው» አለ። «ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ በግሬስ እምልልሻለሁ።»

«በግሬስ አትማልብኝ።»

«ያኔ ግሬስ ነበረች። ልጆቹ ነበሩ። ምን ላድርግ?»

«እሺ። ያኔ ግሬስ ነበረች፤ ምንም ማድረግ አትችልም ነበር። ይህንን እቀበልሃለሁ። ከሞተች በኋላስ?»

ውጭ ሰፈርተኛው በቆሎ እየወቀጠ ይዘፍናል።

«ግሬስ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት፣ ኖርቴ። በየሆሞዎው እየመጣህ አጠገቤ ተቀምጠህ በላህ። እህቴ፣ ዓሣ ጨምሪልኝ ትለኛለህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እያወቅህ?»

«ብናገር ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? የፍሬድሪክ ወገን ልጆች እናንተ የምትኖሩባቸውን ክፍሎች ይመኛሉ። እኔ ነኝ የያዝኳቸው። አንድ ቃል ቢሰሙ የወንድምሽን ልጆች ከነፍራሻቸው ያወጧቸው ነበር። አንቺንም ጭምር። የት ትሄጂ ነበር?»

«እዚህ» አልኩት። «እዚህ እመጣ ነበር።»

ፊቱን አዞረ። ትልቅ ሰው ነው፣ ፀጉሩ ነጭ ነው፣ ትከሻው ግን ያኔ በጀልባዎቹ ጀርባ እንደነበረው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ተስፋ አደረግሁ። በስልሳ ስድስት ዓመቴ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ተስፋ አደረግሁ።

«ካይ» አለኝ። በስሜ ከጠራኝ ስንት ዘመኑ! «እውነቱን ልንገርሽ። ግሬስ ካረፈች በኋላ አንድ ቀን ልነግርሽ መጥቼ ነበር። ልብስ ቀይሬ፣ ጢሜን ተላጭቼ። አንቺ ግቢ መሀል ቆመሽ ጣሪያ ላይ ያሉትን ሠራተኞች ትቆጫለሽ። አየሽኝና "ወንድሜ፣ ና ቁጭ በል፣ እነዚህ ሌቦች ሊገድሉኝ ነው" አልሽኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጠሽኝ። ልናገር ስል... ለምዶብኝ ነበር፣ ካይ። እህቴ ማለት ለምዶብኝ ነበር። ሌላውን ውስጤ ፈልጌ አጣሁት።»

በሁለት ቀን ከሰማሁት ሁሉ የገደለኝ ይህ ነው። ናአ አዶሌ ዘመኔን ቀሙኝ፣ አባቴ አስቀማኝ። ይሁን፣ የሌባ ነገር ይገባኛል። እሱ ግን የኔን ነገር እንደ ጃንጥላ የሆነ ቦታ ረስቶት ነው የመጣው። እኔ አልረሳሁትም ነበር። እኔ ወንድሜ ያልኩት በአፌ ብቻ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ በአፌ ብቻ። እሱም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሁለታችንም አንድ እሥር ቤት ያለን እየመሰለኝ ነው የቻልኩት። ለካ ብቻዬን ነበርኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለኝ። አሁን የሚናገረው የቤቱ አለቃ ነው፣ ፈርቷል። «የወንድምሽን ልጆች አስቢ። ልጅቱ ገና አራስ ናት።»

ሳልመልስለት ወጣሁ። ጅብ ከሄደ የጮኸ ውሻ ለማን ይጠቅማል?

በበዓሉ ቀን ከሴቶቹ ጋር ተነሥቼ አበሰልኩ። የበቆሎውን ዱቄት በእንፋሎት አበሰልን፣ የዘንባባውን ፍሬ መረቅ ከዓሣ ጋር አፈላን። እጄ ያውቀዋል፤ እኔን አላስፈለገውም። ቢርጊተ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ትነሣለች። ናአ አዶሌን አራት ሰው ተሸክሞ ከፎቅ አወረዳቸው። ኖርቴ ኩታውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። የተቃጠለውን ወደ ውስጥ ሊያጥፈው ሞክሮ ነበር፤ ሲራመድ ይታያል።

ገበታው ከመቅረቡ በፊት የቤቱ አለቃ ለሙታን ከምግቡ ይበትናል። ኖርቴ ሳህኑን ይዞ ደጃፉ ላይ፣ የደረጃው ሥር፣ የግቢው ማዕዘን ላይ እየበተነ ጠራቸው። «ፒተር ሊንድሆልት፣ ና ብላ። ላሚኦኮር፣ ነይ ብዪ። ፍሬድሪክ፣ ና ብላ።» ድምፁ አልተለወጠም። «ክርስቲያን ታዊያ፣ ና ብላ።»

ሁለት ልጆች ባንድ ስም ሲጠሩ ሰማሁ። አንዱ በዳዴ ሳለ የሞተው፣ ቦታው ለሌላ የተሰጠበት። ሌላው የኔ ቅድመ አያት። እርሻው ላይ በወሊድ የሞተችውን ሴት ግን ማንም ነይ ብዪ አላላትም፤ ድንጋይ ተሸካሚውንም። እኔም አልጠራኋቸውም። በምን ብዬ ልጥራቸው? ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ምድር ላይ የለም።

«ካይ!» አለች ቢርጊተ፣ ወረቀቷን ይዛ ጎኔ መጥታ። «ስለ መንታዎቹ ጠየቅሽልኝ?»

ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። የኖርቴ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። የናአ አዶሌ መፋቂያ ቆመ። የፍሬድሪክ ወገን ልጆች፣ እነዚያ ሆዳቸው የገፋ ጎልማሶች፣ ምን መንታ ብለው ዞር አሉ። የወንድሜ ልጅ ከግድግዳው ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባለች። ልጁ ሊንድሆልት ነው፤ ባለፈው ወር በዚሁ ግቢ ጎህ ሲቀድ ወደ ሰማይ አንስተን ስም አውጥተንለታል። ያወጣለት ኖርቴ ነው።

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። አንዴ ብተፋው ኖርቴን ባዋረድኩት፣ አሮጊቷን ባቃጠልኳት፣ ያንን ድንጋይ ቤት ከላይ እስከ ታች ባናወጥኩት። ከዚያስ? ሃያ ሰባት ዓመቴ ይመለሳል? ዕዳው የሚተርፈው ለወንድሜ ልጅ ነው፤ በማግስቱ ፍራሿን ራሷ ላይ አድርጋ ስትወጣ።

«ጠየቅሁ» አልኳት። «የላሚኦኮር ልጆች ናቸው። ከፍሬድሪክ በኋላ ተወልደው በሕፃንነታቸው ሞቱ።»

«ወይኔ፣ ምስኪኖች! ስማቸውስ?»

«ኦኮና አክዌቴ።»

መንታ ወንዶች ሁሉ ኦኮና አክዌቴ ናቸው፤ ለስማቸው መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም። ቢርጊተ ከላሚኦኮር ስም ሥር ሁለት ትንንሽ መስመር አወረደችና በንጹሕ ጽሑፏ አሰፈረቻቸው። የአባትሽ ቤት ሲዘረፍ አብረሽ ዝረፊ ይባላል፤ የቀረችኝን አንዲት ነገር፣ የመንታዎቹን እናት፣ በገዛ እጄ አስዘረፍኳት። «አሁን ሞላ!» አለች ቢርጊተ። አቀፈችኝ። «የኔ ዘመድ» አለችኝ፣ እንባዋ መጣ። ደግ ሴት ናት። ወረቀቱን አገሯ ወስዳ በጥሩ መስታወት ልታሰቅለው ነው።

ኖርቴ ትንፋሹን ሲለቅ ከቆምኩበት ሰማሁት። መልካም ነገር የሰማ ሰው ፊት ነበረው። ገበታው ዙሪያ ሁሉም ተቀምጦ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል፣ እጅ ሁሉ አንድ ሳህን ውስጥ ሲገባ፣ እሱ ፈቀቅ ብሎ በየዓመቱ የምቀመጥበትን ቦታ ለቀቀልኝ። አንድ ትልቅ ቁራጭ ዓሣ አጥንቱን አውጥቶ በኔ በኩል አስቀመጠ።

«ነይ፣ እህቴ» አለኝ። «እጅሽን አስገቢ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

በሆሞዎ ቀን ሰው የሚበላው የአባቶቹ ቤት ነው። እኔ እዚህ ካልበላሁ የምበላበት ሌላ ቤት የለኝም። አጠገቡ ተቀመጥኩና እጄን አስገባሁ።